ወለሉን ማን አረጠበው?

ደብረ ታቦር፣ የቡሄ ማግሥት። ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም። አጎትየው ዕድሜያቸውን በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ሥራ ላይ አሳልፈው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የእህታቸው ልጅ በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ረዳት ነርስ ናት፤ ለክረምቱ ቤተሰብ ልትጠይቅ መጥታለች። አልጋ ላይ የዋሉ ጎረቤታቸውን፣ እማሆይን፣ ጠይቀው አሁን መመለሳቸው ነው። እማሆይን የምታስታምመው ልጅ እጇ ተሰብሮ አገኟት።

አጎት፦ ምነው ዝም አልሽ? ከዚያ ቤት ከወጣን አንድ ቃል አልተነፈስሽም።

የእህት ልጅ፦ የልጅቷን እጅ እያሰብኩ ነው፣ ጋሼ። ስንገባ ሁላችንም እማሆይን ከበን ተቀመጥን። እሷ በአንድ እጇ ቡና ስትቀዳ «ምን ሆነሽ ነው?» ያላት ሰው የለም። እኔ ስጠይቃት ደግሞ «ሳላይ አንሸራቶኝ ነው» ብላ እንደ ጥፋተኛ አቀረቀረች።

አጎት፦ ወጌሻ አይቷታል እኮ።

የእህት ልጅ፦ አይቷታል፤ በቀርከሃ ጠፍሮ አስሯታል። ጣቶቿን ብነካቸው ቀዝቅዘዋል፣ አብጠዋልም። ለዚህ ነው ማሰሪያውን ወዲያው አላልቼ በባጃጅ ሆስፒታል ውሰዷት ያልኩት። ወጌሻን አልንቅም፤ ውልቃት ሲመልሱ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። የተሰበረ አጥንት ሲያብጥ ግን ቦታ ይፈልጋል። ጥብቅ ብሎ ከታሰረ ደም አይዘዋወርም፤ ሥጋው ይሞታል፤ መጨረሻው መቁረጥ ይሆናል። በአገራችን ሆስፒታሎች በዚህ ምክንያት እጅና እግራቸውን ያጡ ብዙ ናቸው።

አጎት፦ እንዲያ ከሆነ በሰዓቱ ደረስሽላት። ለመሆኑ እንዴት ወደቀች?

የእህት ልጅ፦ ጠይቄያታለሁ። ሌሊት እማሆይን ፖፖ ላይ ስታስቀምጥ ሽንቱ ፈሰሰ። መብራት ጠፍቷል፤ ስልኳን በጥርሷ ነክሳ እያበራች በኦሞ አጠበችው፣ ወለወለችው። ወለሉ ሴራሚክ ነው። በሩና መስኮቱ ለብርዱ ዝግ ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጉና አፍንጫ ሥር፣ በነሐሴ ሌሊት የታጠበ ወለል መቼ ይደርቃል? ሊነጋ ሲል፣ 11 ሰዓት ላይ፣ እማሆይን ልታጥባቸው ከማድ ቤት የሞቀ ውኃ በሳፋ ይዛ መጣች። ሳፋውን ደረቷ ላይ ስትይዘው ደፉም እግሯም አይታያትም። ያደረገችው ደግሞ የቤቱ ልጅ የተወው አሮጌ ነጠላ ጫማ ነው፤ ከእግሯ በጣም ይሰፋል፤ ሶሉ አልቆ ልስልስ ብሏል። ደፉን ተሻግራ ሴራሚኩን ስትረግጥ ሄደች። ትኩሱ ውኃ እማሆይ ላይ እንዳይደፋ ሳፋውን ወደ ጎን ወረወረችና በእጇ አረፈች።

አጎት፦ ለእሳቸው ስትል ነዋ።

የእህት ልጅ፦ ለእሳቸው ስትል። «ሳላይ» የምትለው ይህን ነው።

አጎት፦ ቢሆንም ወለሉን ያረጠበችው እሷው ናት። እኔ በሥራዬ ዘመን እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲመጣ አሠሪው የሚለው ይህንኑ ነበር፦ «ራሷ አጥባ፣ ራሷ ወደቀች።»

የእህት ልጅ፦ ወለሉን ማን አረጠበው ከተባለ ብዙ ሰው አለበት፣ ጋሼ። ሴራሚኩ የተነጠፈው ውጭ አገር ያሉት ልጆች ብር ልከው ነው፤ ቤቱ እንዲያምር። ፖፖው የፈሰሰው ክዳን ስለሌለውና አንድ ሰው ብቻውን ስለሚያነሳው ነው። ኦሞው የበዛው ሽታ እንዳይኖር ነው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ቤቱ ይሸታል» ስለሚባል። በደንብ ያልታጠበ ኦሞ ሲደርቅም ያንሸራትታል፣ ሲረጥብ ደግሞ ይብሳል። ታዲያ እነዚህ ሁሉ ተደራርበው የቆዩት ሌሊቱን በሙሉ ነው። እሷ የመጨረሻዋን እርምጃ ነው የተራመደችው።

አጎት፦ ሕጉም የሚለው እሱን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። አሠሪው ነጻ የሚወጣው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ከጣሰ ወይም ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ከመጣ ነው። አንሸራቶት መውደቅ እዚያ ውስጥ የለም። ቸኩሎ መውደቅም የለም።

የእህት ልጅ፦ ክፍያውስ?

አጎት፦ የሕክምናው ወጪ በአሠሪው ነው፤ መድኃኒቱም፣ ሆስፒታል መተኛቱም። መሥራት እስኪችል ድረስ ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ያገኛል። የመጀመሪያ ዕርዳታ መስጠትና ቅርብ ወዳለ ሕክምና ማድረስም የአሠሪው ግዴታ ነው።

የእህት ልጅ፦ ይገርማል! ሜሪላንድ ውስጥ በሥራ ተጎድቶ ለጊዜው መሥራት ላልቻለ ሰው የሚከፈለው ከአማካይ ሳምንታዊ ደመወዙ ሁለት ሦስተኛው ነው። ለመጀመሪያዎቹ ወራት የእኛ ሕግ ይበልጣል ማለት ነው።

አጎት፦ ይበልጣል፤ ለተጻፈለት ሰው። አሁን ወደዚያ ቤት እንመለስ። አዋጁ ገና ከመጀመሪያው ማንን እንደማይመለከት ሲዘረዝር ለትርፍ ላልሆነ ሥራ የሚደረግን የግል አገልግሎት ቅጥር ያስወጣል። የቤት ሠራተኛ፣ ሞግዚት፣ አስታማሚ እዚያ ላይ ወጡ። የእነሱን የሥራ ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንዲወስነው ተትቷል። እማሆይን የምታነሳው ልጅ በዚያ አንድ መስመር ምክንያት ሦስቱም ወር፣ ሰባ አምስቱም በመቶ አይመለከታትም።

የእህት ልጅ፦ ይኸው ሥራ አንድ ድርጅት ውስጥ ቢሠራስ?

አጎት፦ በደመወዝ የተቀጠረች ከሆነ ሠራተኛ ናት። በጎ አድራጎትና ሃይማኖታዊ ድርጅቶችን በተመለከተ ምክር ቤቱ በደንብ ከአዋጁ ሊያወጣቸው እንደሚችል የሚል አንቀጽም አለ። በፈቃዱ ለሚያገለግል ሰው ደግሞ የቅጥር ሕግ ከነጭራሹ አይደርስለትም። እንግዲህ እኛ አገር አረጋውያንን በብዛት የሚያነሳው ማን ነው? ቤተሰብ፣ የቤት ሠራተኛና በጎ ፈቃደኛ። ሕጉ በደንብ የሚያውቀው አንዳቸውንም አይደለም።

የእህት ልጅ፦ አዲስ አበባ መቄዶንያ ሄጄ ነበር፤ አቶ ቢኒያም በለጠ የመሠረቱት። በሺህ የሚቆጠሩ ከጎዳና የተነሱ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን አሉ። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለውን መፈክራቸውን ሳነብ እንባዬ መጣ፤ ከልቤ አምንበታለሁ። ያን ሁሉ ሰው የሚያጥብ፣ የሚያጎርስ፣ አልጋ የሚያነጥፍ ሰው ወጣት ነው፤ ብዙው ሊያገለግል ብሎ የመጣ። ለመርዳት ሰው መሆን ይበቃል። ሳይሰበሩ ለመርዳት ግን ጫማም፣ ሥልጠናም፣ ሁለተኛ ሰውም ያስፈልጋል። አገልጋዩ ወገቡ ከተቀጨ ነገ ማን ያነሳቸዋል?

አጎት፦ እናንተ ጋ ይህ ሁሉ ተሟልቶ አይወድቁማ?

የእህት ልጅ፦ እንዴት አንወድቅም! መንከባከቢያ ቤት አሜሪካ ውስጥ ሠራተኛ በብዛት ከሚጎዳባቸው የሥራ ቦታዎች አንዱ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ሰው በማንሳትና በማገላበጥ የሚደርሰው የወገብና የትከሻ ጉዳት ነው፤ መንሸራተትና መውደቅ ይከተላል። ማታ ሰው ያንሳል። ሦስት ደወል አንድ ላይ ይጮኻል፤ አንደኛው ሰው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሊነሳ ነው፤ እንሮጣለን። መታጠቢያ ክፍሉ ሳሙና ነው። ጥር ላይ ደግሞ መኪና ማቆሚያው ላይ ዓይን የማያየው ስስ በረዶ ይጋገራል። አንዲት የአገራችን ልጅ ገና ሥራ ሳትገባ፣ ከመኪናዋ ወርዳ ሦስት እርምጃ ሳትሄድ ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። «ሰዓት አልፈረምሽም» ብለው ሊከራከሯት ነበር።

አጎት፦ እዚህ ቢሆን ያ ክርክር አያስኬድም። ሠራተኛው በሥራው ምክንያት በሥራው ቦታ ወይም በግቢው ውስጥ እስከተገኘ ድረስ ከሥራ በፊትም ሆነ በኋላ የደረሰበት ጉዳት በሥራ ላይ እንደደረሰ ይቆጠራል።

የእህት ልጅ፦ ይህን ብታውቅ ደስ ባላት። በሥልጠና ላይ የነገሩን አንድ ነገር ግን ከአእምሮዬ አይወጣም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ተመራማሪዎች በሦስት ሆስፒታሎች ውስጥ ሠራተኛው የት የት እንደሚወድቅ ለዓመታት ተከታተሉ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። ማን ይበልጥ የሚወድቅ ይመስልዎታል?

አጎት፦ ነርሷ ናታ።

የእህት ልጅ፦ አይደለችም። ማድ ቤት የሚሠሩትና የሚያጸዱት ከነርሶቹ ይብሳሉ፤ ሕሙማን የሚያመላልሱትም እንደዚያው። ምክንያቱም ከሁሉ ይበልጥ የሚጥለው ወለል ላይ ያለ ፈሳሽ ነው። አሁን እማሆይ ቤት ያለችውን ልጅ ያስቡ። ምግቡን የምትሠራው እሷ፣ ወለሉን የምታጥበው እሷ፣ አረጋዊቷን የምታነሳው እሷ። እዚያ ለሦስት ሰው የተከፋፈለው አደጋ እዚህ አንዲት የ18 ዓመት ልጅ ላይ ተደርቧል።

አጎት፦ እንዲህ አድርጌ አስቤው አላውቅም። ለመሆኑ ጥናቱ ምን ላይ ደረሰ?

የእህት ልጅ፦ ሆስፒታሎቹ የፈሰሰውን ወዲያው የሚያደርቅ ሰውና ዕቃ አዘጋጁ፤ የሚያፈሰውን ቧንቧና የሚያንሸራትተውን ወለል ጠገኑ፤ መብራት ጨመሩ፤ የጫማውን ጉዳይ ያዙት። ቀድሞ ከ100 የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ በዓመት 1.66 የነበረው የመውደቅ ጉዳት የካሳ ጥያቄ ወደ 0.76 ወረደ፤ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። «ተጠንቀቁ» በማለት አይደለም የቀነሰው፣ ጋሼ። «ተጠንቀቂ» እማ ለዚህችም ልጅ በየቀኑ ይነገራታል።

አጎት፦ ጫማ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

የእህት ልጅ፦ በትምህርት ቤት ማድ ቤቶች በሚሠሩ ወደ 17,000 ሰዎች ላይ ሞክረውታል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጣ። የማያንሸራትት ጫማ በነጻ የተሰጣቸው ሰዎች በመንሸራተት ምክንያት የሚያቀርቡት የጉዳት ካሳ ጥያቄ በ67 በመቶ ወደቀ። በነጻ የሚለውን ልብ ይበሉ። ሠራተኛዋ ከደመወዟ ትግዛ ቢሉ አብዛኛዋ ርካሹን ነው የምትገዛው፤ እኔም ብሆን።

አጎት፦ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ቅር አይበልሽ። ይህን ሁሉ ሕግ አድርገን ቤተሰብ ላይ ብንጭን ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ አውቃለሁ። ደመወዝ የሚከፈላትን ያሰናብቱና ከፋርጣ ወይም ከስማዳ የድሃ ዘመድ ልጅ «ላስተምርሽ» ብለው ያመጣሉ። እሷ ደመወዝ የላት፣ ውል የላት። የማታ ትምህርት ቤት ስም አስገብተው ሌሊቱን ያስነሷታል። ቢያንስ ይህችኛዋ በወሩ ብሯን ትቆጥራለች።

የእህት ልጅ፦ ይህ እውነት ነው። ግን እማሆይን ልጆቻቸው ከሩቅ ሆነው ነው የሚጦሯቸው። ለሴራሚኩ ብር ነበር፤ ለቴሌቪዥኑ ብር ነበር። ለልጅቷ ጫማ የሚሆን ጠፍቶ አይደለም፤ ያሰበው ሰው ስለሌለ ነው። ልጆቹ ሲደውሉ «እናታችን በላች? ተኛች? ቁስል አላወጣችም?» ነው የሚሉት። እኔም ለእናቴ ስደውል እንዲያው ነኝ፤ ሰው ነንና የየራሳችን ሰው ያሳስበናል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 684,000 ያህል ሰው በመውደቅ ይሞታል፣ ከአምስቱ አራቱ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው ይላል። ይበልጡን የሚሞቱት አረጋውያን ናቸው። ስለዚህ አረጋዊው እንዳይወድቅ መጨነቁ ትክክል ነው። ግን አረጋዊውን የያዘችው ከወደቀች አረጋዊውም አብሯት ነው የሚወድቀው። ሁለቱን ጉዳይ ነጣጥሎ ማየት አይቻልም።

አጎት፦ አብሮ መውደቁንማ አይቻለሁ። እናቴ በስተርጅናዋ ከመደቡ ስትነሳ የምትደግፋትን ይዛ ነበር የምትወድቀው።

የእህት ልጅ፦ መደብ ዝቅ ያለ ነው፤ ከዝቅተኛ ቦታ ሰው ማስነሳት ከሁሉ ይከብዳል። እስቲ ላሳይዎት፤ እዚያ ዱካ ላይ ይቀመጡ። ይኼ የእትዬ መቀነት ነው፤ ወገብዎ ላይ ልጠምጥመው። ሲያጠብቅ ይንገሩኝ፤ ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን። እኛ ጋ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ቀበቶ አለ፤ አገልግሎቱ ያው ነው፦ የምይዘው እጀታ ይሆነኛል። አሁን ወደ ዱካው ጫፍ ቀረብ ይበሉ። እግርዎን ወደ ኋላ ሳብ፤ ተረከዝዎ ከጉልበትዎ ኋላ ይሁን። ወደ ፊት ጎንበስ።

አጎት፦ በብብቴ አትይዥኝም?

የእህት ልጅ፦ በፍጹም። ብብት ይዞ መጎተት የእርስዎን ትከሻ ያወልቃል፣ የእኔን ወገብ ይቀጫል። እዚህ ሁሉም የሚይዘው ግን እንደዚያ ነው። እኔ አንድ እግሬን ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ አድርጌ ጉልበቴን አጥፋለሁ። ሦስት ስል ይነሱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

አጎት፦ እንዴ! ምንም ሳትስቢኝ ተነሳሁ እኮ።

የእህት ልጅ፦ በራስዎ ጉልበት ነው የተነሱት፤ እኔ ሚዛንዎን ብቻ ነው የያዝኩት። አሁን ደግሞ ጉልበትዎ ቢከዳዎትስ? ሴቶቹ የሚሰበሩት እዚህ ላይ ነው። ሰው ሲወድቅ አይቶ አንቆ ወደ ላይ የማይስብ የለም። 60 ኪሎ ሰው ሲወድቅ ወደ ላይ መሳብ ለሁለቱም መጥፎ ነው። የተማርነው ወደ ራሳችን አስጠግተን፣ መቀነቱን ይዘን፣ በጭናችን ላይ እያንሸራተትን ቀስ አድርገን ወደ መሬት ማውረድ ነው። ጭንቅላቱ እንዳይመታ ብቻ መጠበቅ። ከዚያ ሰው መጥራት።

አጎት፦ ይህን እዚህ ብታደርጊ «ጣለቻቸው» ነው የሚባለው።

የእህት ልጅ፦ አዎ! ለዚህ ነው ልጅቷ እጇን የምትሰጠው። እማሆይ መሬት ላይ ተቀምጠው ከሚገኙ የእሷ አጥንት ቢሰበር ይሻላታል። የተሰበረ እጅ «አላየሁም» ብላ ታልፈዋለች፤ «አሮጊቷን ጣለች» የሚል ስም ከወጣባት ግን ሌላ ቤት አትቀጠርም። እኛ ጋ ቢያንስ ቅጽ አለ። ማን ወደቀ፣ የት፣ ወለሉ እርጥብ ነበር ወይ፣ ምን ጫማ ነበር፣ ሰዓቱ ስንት ነበር፣ ስንት ሠራተኛ ነበር ብሎ ይጠይቃል። ቅጹ ራሱ ዓይን ይከፍታል። እኛ ደግሞ እዚያ ቤት ሄደን የእማሆይን የደም ግፊት ጠይቀን ልንወጣ ነበር።

አጎት፦ መሥሪያ ቤት እያለሁም እንዲህ ያለ ቅጽ ከፋብሪካና ከግንባታ ይመጣ ነበር፤ ከሰው ቤት መጥቶ አያውቅም። ኢትዮጵያ የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ስምምነትን፣ ቁጥር 155ን፣ በ1983 ዓ.ም. ተቀብላለች። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ደኅንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች አንዱ አደረገው። ተቆጣጣሪው ግን የግለሰብ ቤት በር አያንኳኳም። ሥልጣንም የለው።

የእህት ልጅ፦ የጤና መድኑስ?

አጎት፦ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ የእኛዋ ፎገራ ነበረች። ብዙ ሰው አድኗል፤ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ነገር ግን ካርዱ የቤተሰብ ነው። የዚህች ልጅ ስም ካለም ላይ ጋይንት፣ አባቷ ካርድ ላይ ነው የሚኖረው። እማሆይ ካርድ ላይ «አስታማሚ» የሚል ቦታ የለም። ... ቆይ፣ ስልክ ነው። አቤት! ... እሺ። ... እሺ ልጄ። ... ትንሽ ቆይቼ ልደውልልህ።

የእህት ልጅ፦ ማን ነው?

አጎት፦ የእማሆይ ታላቁ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ። ራጅ ተነስታለች፤ የእጅ አንጓዋ ላይ ተሰብሯል። ማሰሪያው በጊዜ በመላላቱ ጣቶቿ ተርፈዋል ብለዋል። ጀሶ ያደርጉላታል፤ ስድስት ሳምንት ሥራ አትነካም።

የእህት ልጅ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። እሱስ ምን አለ?

አጎት፦ «እናቴን ማን ያነሳታል?» ነው ያለኝ። ቀጥሎም «ይህችን ወደ አገሯ ብንሸኛትና ሌላ ብንፈልግስ?» አለ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ አውቀዋለሁ። ግራ ገብቶት ነው።

የእህት ልጅ፦ ጀሶ ታስሮ ላይ ጋይንት ስትደርስ ማን ያያታል? ጀሶው የሚፈታው እዚህ ነው፤ ጣቶቿን በየቀኑ ማንቀሳቀስ አለባት፤ ካልሆነ እጇ ይደርቃል። የቀኝ እጇ ነው፣ ጋሼ! በዚያ እጇ ነው ዕድሜ ልኳን እንጀራ የምትበላው።

አጎት፦ አትሄድም። መጀመሪያ ለእናቱ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ጀሶው ስላለ ብቻ አይደለም፣ ከዚያም በኋላ። ጎረቤት ያለችው መበለት በቀን ለጥቂት ሰዓት ብትመጣ ትስማማለች፤ እኔ አነጋግራታለሁ። ለአንድ ሰው የማትነሳ እናት ለአንድ ሰው አትተውም እለዋለሁ።

የእህት ልጅ፦ ሌሊት ፖፖው አልጋው አጠገብ ክዳን ያለው ይሁን። ባትሪ ግድግዳው ላይ ይሰቀል፤ ስልክ በጥርስ ይዞ ሰው ማንሳት ይቅር። ከማድ ቤት እስከ ደፉ ያለው የድንጋይ መንገድ ጠጠር ይልበስ። ውኃው በሳፋ ሳይሆን እጀታ ባለው ባልዲ፣ ግማሽ ግማሽ እየሆነ ይምጣ። ሴራሚኩን መንቀል አንችልም፤ አልጋው ዙሪያ ግን የማይንሸራተት የጎማ ምንጣፍ ይነጠፍበት፤ ባሕር ዳር ይገኛል። ጨርቅ ምንጣፍ እንዳያነጥፉ፤ እሱ ራሱ ይጥላል። መቀነቱን እኔ ነገ ሄጄ ለሁለቱም አሳያቸዋለሁ።

አጎት፦ ጫማውን እኔ እገዛለሁ።

የእህት ልጅ፦ አይሆንም፣ እሱ ይግዛ። እርስዎ ከገዙት ምጽዋት ይሆናል። የሥራዋ ዕቃ ነው፤ እንደ ባልዲው፣ እንደ መወልወያው። ውል ላይም ይግባ።

አጎት፦ ልክ ነሽ። ውሉን እኔ እጽፈዋለሁ፤ ስሟ፣ ሥራዋ፣ የምታርፍበት ሰዓትና ቀን፣ ስትጎዳ የሚደረግላት። ደመወዟስ? ስድስቱን ሳምንት ሙሉ ይክፈላት ልለው ነው።

የእህት ልጅ፦ አዋጁ አያስገድደውም ብለዋል እኮ። እምቢ ቢልስ?

አጎት፦ አዋጁ አያስገድደውም። ግን ከአዋጁ በፊት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አለ፤ ከአሠሪው ቤት የምትኖር ሠራተኛ ስትታመም አሠሪው እንዲያሳክማት ያዛል፤ ጤናዋንም እንዲጠብቅ። ሕክምናውን በዚያ እይዘዋለሁ። ደመወዙን ደግሞ እንደ አባት እነግረዋለሁ፤ ትኩሱን ውኃ ከእናትህ ላይ ያራቀችው በምን እጇ እንደሆነ ጠይቃት እለዋለሁ። በይ ቡናውን አቅርቢ፤ እኔ ልደውልለት።